የአስራ አንድ ቁጥር ግራ እጅ

«አንዴ ስሚውና ፈርሚ፤ ሌላ ነገር አልጠየቅኩሽም» አለ ሰብሳቢው፣ የጆሮ ማዳመጫውን በጠረጴዛው ላይ ወደ እሷ እየገፋ።

«ሰምቼዋለሁ እኮ።»

«ደግመሽ ስሚው። እኛ ሁለታችን ለአስራ አንድ ቁጥር ዘጠኝ ዘጠኝ ሰጥተናል፣ አንቺ አምስት። ልዩነቱ ከሦስት ካለፈ የተለየው ዳኛ ብቻውን ቁጭ ብሎ ሙሉውን ዳግም ይሰማል፤ ከዚያ ወይ ያጸናል ወይ ያስተካክላል። ደንቡን ያረቀቅሽው ደግሞ አንቺው ነሽ።»

እውነቱን ነው። ደንቡን ያረቀቀችው እሷ ናት። ስታረቅቀው ግን በልቧ የነበሩት ሰነፍ ዳኞች ናቸው፤ ዞሮ ዞሮ የራሷን በር ያንኳኳል ብላ አላሰበችም። ማዳመጫውን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ አየችውና ወንበሯን ሳበች።

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት መልስሽን ስጪኝ» አለ ሰብሳቢው በሩ ላይ ቆሞ። «ዝርዝሩ ዘጠኝ ላይ ይለጠፋል። መድረክ የሚወጡት ስድስት ናቸው። አምስትሽ ከጸና አስራ አንድ ቁጥር ሰባተኛ ሆኖ ይቀራል።»

«ይቅራ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ አሁንስ ፈራሁሽ» ብሎ እየሳቀ ወጣ።

ቫዮሊን ማስተማር ከጀመረች ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። ተማሪዎቿ ከኋላዋ «እትዬ ምላጭ» ይሏታል፤ እሷም ታውቃለች፣ ቅር አይላትም። ስሙ የወጣላት በእርሳሷ ነው። ተማሪ ኖታ ላይ የምትጽፋት አንዲት መስመር ለሳምንት እንቅልፍ ትነሳለች። ያለቀሰ ተማሪ ብዙ ነው፣ ቫዮሊኑን ጥሎ የሄደ ግን የለም ትላለች። ሁለት አሉ፤ እነሱን አትቆጥራቸውም።

የዚህ ውድድር ነገር ደግሞ ለምላጭ የተመቸ ነው። ተወዳዳሪዎቹ ለሁሉም የተሰጠውን አንድ የቫዮሊንና የፒያኖ ሶናታ፣ ባለ ብዙ ክፍል ድርሰት፣ ቀድተው ይልካሉ። ቅጂው ላይ ስም የለም፣ ፊት የለም፣ ያለው ቁጥር ብቻ ነው። ቫዮሊኑን የሚጫወተው ከሃያ አምስት ዓመት በታች መሆን አለበት፤ ፒያኖው ላይ የፈለገ ይቀመጥ። ሦስቱ ዳኞች ነጥብና አስተያየት ይጽፋሉ፣ አስተያየቱም ሳይፈረምበት ለተወዳዳሪዎቹ ይላካል። ዘንድሮ አርባ አንድ ቅጂ መጥቷል። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ይባላል፤ እዚህ ግን ዓይን ሥራ ፈት ነው።

ያስቀመጧት ክፍል የሙዚቃ ትምህርት ቤቱ የድሮ ዕቃ ቤት ነው። እግራቸው የተሰበረ የኖታ ማቆሚያዎች ጥግ ላይ ተደጋግፈዋል፣ መስኮቱ የሚያየው የጎማ መጠገኛ ግቢ ነው። ማዳመጫውን ስታደርግ የጎማ ቤቱ ጩኸት ጠፋ።

የሶናታው የመጀመሪያ ክፍል ጀመረ። ልክ እንዳስታወሰችው ነው። ቫዮሊኑ ጥሩ ነው፤ ንጹሕ፣ የማይቸኩል፣ ቢመክሩት የሚሰማ ሰው እጅ። ፒያኖውም ያው ፒያኖ ነው። ቀኝ እጁ ብዙ ያየ እጅ ነው፣ ግራው ግን እየተጎተተ ይመጣል። ፈጠን ባሉት ቦታዎች ላይ ቫዮሊኑ ጫማውን አስሮ ያልጨረሰ ጓደኛውን በር ላይ ቆሞ እንደሚጠብቅ ሰው ይጠብቀዋል። ‹አልተሳሳትኩም› አለች በልቧ፤ ደስም አላት። እስክሪብቶዋን አንስታ «ጸንቷል» ልትጽፍ እጇን ሰደደች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይደበቅ መነገር አለበት። ባለፈው ሐሙስ ኮሚቴው ተሰብስቦ በአንዲት አሮጌ ድምፅ ማጉያ ሲሰማ፣ አስራ አንድ ቁጥር የቀኑ አስራ አራተኛ ቅጂ ነበር። እሷ ነጥቡንም አስተያየቱንም የጻፈችው የመጀመሪያው ክፍል ሳያልቅ ነው። ሁለተኛው ሲጀመር ውሃ ልትጠጣ ወጣች፤ ኮሪደሩ ላይ ከቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ጋር ስለ ወንበሮች ስታወራ ቆይታ ስትመለስ ቅጂው አልቆ ነበር። ጆሮ ላለው ሰው ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል የምትል አባባል አለቻት። ሌላ ዳኛ እንዲህ ሲያደርግ ብታይ ኖሮ ግን ደንብ ታወጣበት ነበር።

ደንቡ «ሙሉውን» ይላል። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ቅጂው እንዲቀጥል ተወችው።

በሁለቱ ክፍሎች መካከል ጸጥ አለ። ወረቀት ተገለጠ። ከዚያ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሁለት ጊዜ፣ አጠር አጠር አድርጎ፣ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ዝቅ አድርጎ።

እጇ ጠረጴዛው ላይ ቆመ። ‹የሰው ጉሮሮ ሁሉ አንድ ነው› አለች ለራሷ።

ሁለተኛው፣ ዝግ ያለው ክፍል የሚጀምረው በፒያኖ ብቻ ነው። ቀኝ እጁ ዜማውን ይዞ ወጣ፤ ግራው ቀስ እያለ ወረደ፣ ወረደና ከታች ያለችውን የሲ ቁልፍ ነካት። ኖታዋ ጮኸች፣ ጣቱ ተነሳ፣ ከዚያ ጠቅ የሚል ድምፅ ተሰማ።

አማት ነበረች።

ቤታቸው ባለው ፒያኖ ላይ ከታች ያለችው የሲ ቁልፍ፣ ጣት ሲለቃት ጠቅ ትላለች። ባለሙያ ሁለት ጊዜ መጥቶ ጨርቋን ቀይሮላታል፤ ሁለቱንም ጊዜ ወር ሳትሞላ ተመልሳ ጠቅ ብላለች። ባሏ ያን ጊዜ «ይቺማ አማቴ ናት፤ የመጨረሻውን ቃል እሷ ካልተናገረች አይሆንላትም» ብሎ ስም አወጣላት። የአማትየው ልጅ፣ እሷ፣ ሁለት ቀን አኮረፈች፤ ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ግን ራሷም «አማት» ትል ጀመር።

ቅጂውን መለሰችው። ጠቅ። እንደገና መለሰችው። ጠቅ። ጠቅ የምትል ቁልፍ ያለው ፒያኖ በዓለም ላይ አንድ ብቻ እንዳልሆነ ራሷን ልታስረዳ ሞከረች። በሦስተኛው ላይ ግን ከኖታው በፊት ያለችውን ትንፋሽ ሰማች፤ በአፍንጫ የምትሳበውን፣ ለሃያ አራት ዓመት መድረክ ላይ ከጀርባዋ እየሰማች የቫዮሊኗን ቀስት ያነሳችበትን ትንፋሽ። ጆሮዋን ማመን አቃታት፤ ዕድሜ ልኳን የምታምነው ደግሞ ጆሮዋን ብቻ ነው።

ባሏ ነው። ፒያኖ መጫወት የተወው ባሏ።

ስትሮክ ከመታው አምስት ዓመት ሆኖታል። እግሩ ተመለሰ፣ አንደበቱም ተመለሰ፣ ግራ እጁ ግን ከፊሉን ትቶ ነው የመጣው። ከሆስፒታል በወጣ በሰባተኛው ወር አንድ ጠዋት ፒያኖው ላይ ተቀምጦ አንድ ገጽ ተጫወተላት። ግራ እጁ ከመደርደሪያ ላይ እንደሚወርድ ዕቃ ቁልፎቹ ላይ ይወድቅ ነበር። እሷ እንባዋን ዋጥ አድርጋ «ቆንጆ ነው» አለችው። ከዚያ ክዳኑን ዘጋ፣ ጨርቅ አለበሰው፣ «ይህን ዕቃ እንግዲህ አትንኪው» አላት። ከዚያ ወዲህ በቤቱ ውስጥ የፒያኖ ነገር ተነስቶ አያውቅም። እሷም ከጨርቁ ላይ አቧራውን ታራግፋለች እንጂ ጨርቁን አትገልጥም።

ይኸው ይጫወታል። የሚጫወተውም ከሌላ ሰው ቫዮሊን ጋር ነው።

ክፍሉን እስከ መጨረሻው ሰማችው። እዚህ ላይ ግራ እጁ የሚቀደምበት ቦታ የለም። እያንዳንዷን ኖታ አስቦ፣ መርጦ፣ ክብደቷን አውቆ ነው የሚያስቀምጣት። ቫዮሊኑም አጠገቡ ገብቶ ይተነፍሳል። ድሮ ጎበዝ ነበር፤ እንዲህ ግን ተጫውቶ አያውቅም። ሁለቱ ዳኞች ዘጠኝ የሰጡት ለዚህ ነው፤ እሷ ስለ ወንበር ስታወራ ያመለጣት ይኸ ነው። አለቀሰች። ስታለቅስ ዓይኗ ፊቷ ባለው ቅጽ ላይ አረፈ፣ የራሷንም ጽሕፈት አየች።

«ቫዮሊኑ ይበቃል። ፒያኒስቱ ግን ግራ እጅ የለውም። ግራ እጅ የሌለው ሰው ፒያኖ ላይ ምን ያደርጋል? ለዚህ ተወዳዳሪ የሚያስብለት ካለ ሌላ ሰው ይፈልግለት።»

ለተማሪዎቿ ሁሉ የምትለው ነው። እጁ የሰነፈውን ልጅ «ግራህን የት ጣልከው?» ትለዋለች፤ ልጁም ቀልቶ እቤቱ ሄዶ ይለማመዳል። አሁን ግን አረፍተ ነገሩን ደግማ ደጋግማ አነበበችው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የእሷ ደግሞ ከአፍም አልፎ ወረቀት ላይ ሰፍሯል፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

በሩ ተከፈተና ሰብሳቢው ብቅ አለ። «እህሳ፣ ጸና?»

ቅጹን በእጇ ሸፈነችው።

«ምነው? ከንፈርሽ ነጭ ሆነ እኮ። ሐኪም ልጥራ?»

«እደውልልሃለሁ።»

«አንዲት ቃል ናት እኮ የቀረችሽ፣ እዚሁ ጻፊያትና…»

«ዘጠኝ ሰዓት መቼ ሞላ? እደውልልሃለሁ አልኩህ።»

ቅጹን እዚያው ትታ ወጣች። ቦርሳዋን ረስታ ተመለሰች። ቦርሳዋን ይዛ ስትወጣ ጃንጥላዋን ረሳች፤ ለእሱ ግን አልተመለሰችም።

ታክሲ አልያዘችም፤ በእግሯ ሄደች። የጫማ ሱቆቹን፣ የባንኩን ሰልፍ፣ የተቆፈረውን መንገድ አለፈች፤ አንዱንም አላየችም። ነጥቧን ብታጸና የማታውቀው ልጅ ሰባተኛ ሆኖ ይቀራል፣ ያም ወረቀት በፖስታ ታሽጎ ቤቷ ይገባል። ብታስተካክል፣ ያው «ቆንጆ ነው» ማለቷ ነው፤ አሁን በቁጥር። ደንቡ የሚለው ሌላ ነው፤ ዳኛ የሚያውቀው ሰው ከገጠመው ይናገራል፣ የሰጠው ነጥብም ይሰረዛል። ብትናገር ግን ዘጠኝና ዘጠኝ ይቀራል፣ ባሏም መድረክ ይወጣል። ያንን የመጀመሪያ ክፍል፣ ያንን የሚጎተት እጅ ይዞ፣ ሦስት መቶ ሰው ፊት። ይህን ስታስብ የመድኃኒት ቤቱን ግንብ ይዛ ቆመች።

ከዚህ ሁሉ በላይ አንድ ነገር ውስጧን ይቆረቁራት ነበር። ማነው ያ ቫዮሊን?

ሕንፃው ስትደርስ የሁለተኛው ፎቅ ጎረቤት ደረጃውን እየወለወለች አገኘቻት።

«ዛሬ በጊዜ መጡ?» አለቻት ጎረቤትየው፣ ቀና ብላ። «ጥሩ አደረጉ። ማክሰኞና ሐሙስ ሁልጊዜ እያመለጠዎት።»

«ምኑ?»

«ሙዚቃው ነዋ። እኔማ መጀመሪያ ራዲዮ መስሎኝ ነበር። ኋላ አንዲቱን ቦታ አስር ጊዜ ሲመላለስባት፣ ራዲዮ እንዲህ አይነዘንዝም አልኩ። አሁን ለምደነዋል። የአራተኛው ፎቅ ሽማግሌ እንዲያውም በሩን ከፍቶ ነው የሚያዳምጠው።»

ሕንፃው ሙሉ ያውቃል። ማክሰኞና ሐሙስ እስከ ማታ እንደምታስተምር ሁሉም ያውቃል፣ እቤቷ ውስጥ ምን እንደሚደረግ ሁሉም ያውቃል፤ ጆሮዬ አያመልጠውም የምትለው ሴትዮ ብቻ ናት ያላወቀችው። መልስ ሳትሰጥ ወጣች። ከሦስተኛው ፎቅ በሯ ሥር የሶናታው ዝግ ያለ ክፍል ይሰማ ነበር። ቁልፏን አውጥታ ከፈተች።

ሙዚቃው ቆመ። ባሏ ፒያኖው ላይ ነው፤ ጨርቁ ተጣጥፎ ሶፋው ላይ ተቀምጧል። አጠገቡ አንዲት ቀጭን ልጅ ቫዮሊኗን እንደያዘች ቆማለች፤ ቀስቷ በአየር ላይ ቀርቷል።

«ማክሰኞ ነው እኮ» አለ ባሏ።

«ማክሰኞ መሆኑን አውቃለሁ።»

በሩን ከኋላዋ ዘጋች።

«አስራ አንድ ቁጥር ናችሁ» አለች ሚስትየው።

ልጅቷ ቀስቷን ዝቅ አደረገች። «እንዴት አወቁ እትዬ?»

«አማት ነገረችኝ።»

ባሏ ወደ ቁልፎቹ አየ። ፈገግ ሊል ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ፊቷን ሲያይ ተወው። እሷ በአቅራቢያዋ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ስንት ጊዜ ሆነው?»

«ስምንት ወር።»

«ስምንት ወር» አለች። «ደረጃ የምትወለውለው ሴትዮ ታውቃለች። የአራተኛው ፎቅ ሽማግሌ ያውቃል።» ብዙ የምትለው ነበራት፤ መንገድ ላይ ስታዘጋጀው የመጣችው ሁሉ ጠፋባትና ያላሰበችው ወጣ። «ለምን ከእኔ ጋር አልተጫወትክም?»

«ከአንቺ ጋር ብጫወት ምን እንደምትይኝ ስለማውቅ።»

«ምን እላለሁ?»

«ቆንጆ ነው።»

እሷ ሶፋው ላይ የተጣጠፈውን ጨርቅ አየች።

«ሠላሳ ዓመት አብሬሽ ስኖር ለአንድ ሰው እንኳ ቆንጆ ነው ብለሽ አታውቂም» አለ ባሏ። «ለእኔ ስትዪኝ፣ በቃ ሞቻለሁ አልኩ። ክፉ የማይወራበት የሞተ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ሸሚዜን ስትቆልፊልኝ፣ ዳቦ ስትቆርሺልኝ፣ ሁሉም ነገር ጥሩ ነው፣ ሁሉም ነገር ይበቃል። እኔ ነርስ አልነበረም ያገባሁት። ስለዚህ ቁጥር ሆኜ መጣሁልሽ። ሳታዝኚልኝ እንድትሰሚኝ።»

እሷ ወደ ልጅቷ ዞረች፤ ዓይኑን ለማየት አልቻለችም። «አንቺስ? ዕድሉ ያንቺ ነው እኮ። ስንት ዓመትሽ ነው?»

«በሚቀጥለው ወር ሃያ አምስት ይሞላኛል።»

«ይህ የመጨረሻሽ ነው ማለት ነዋ።»

«አዎ እትዬ።»

«እና ሌላ ፒያኒስት አጥተሽ ነው?»

«ሦስት ሞክሬያለሁ። ጥሩ ጥሩ ናቸው። ግን ሦስቱም ቶሎ ጨርሰው መሄድ ነው የሚፈልጉት» አለች ልጅቷ። ድምፅዋ ቀጭን ነው፤ ግን አልተንቀጠቀጠም። «ጋሼ ይሰሙኛል። እሳቸው እንኳ እምቢ ብለው ነበር፤ ለሁለት ወር ለምኛቸው ነው። እርስዎ ዳኛ መሆንዎን ሲሰሙ ነው እሺ ያሉኝ።»

ባሏ ግራ እጁን በቀኙ ይዞ ጭኑ ላይ አሳረፈው። «ስንት ሰጠሽን?» አለ።

ስልኳ ጮኸ። ሰብሳቢው ነበር። የሰብሳቢው ድምፅ ድሮም ከስልኩ ውጭ ነው የሚሰማው፤ በዚያ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ደግሞ አራተኛ ሰው የገባ መሰለ።

«እህሳ? ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ሆነ እኮ። ጸና ወይስ ተስተካከለ?»

«አልጸናም፣ አልተስተካከለምም። ሰርዘው። ፒያኒስቱ ባለቤቴ ነው።»

«የቱ ባለቤትሽ?»

«ስንት ባል አለኝ?»

«እሱ እኮ… ግራ እጁ…»

«አዎ።»

«ጉድ ነው» አለ ሰብሳቢው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኔ እኮ ያን ዝግ ያለውን ክፍል ስሰማ፣ ይህ ሰው ማነው እያልኩ…» ሳይጨርሰው ተወው። ሲቀጥል የኮሚቴ ድምፁ ተመልሶለት ነበር። «እንግዲያው ያንቺ ነጥብ ወጣ፤ ዘጠኝና ዘጠኝ ይቀራል። መድረክ ይወጣሉ። ያንን ቅጽሽን ደግሞ አሁኑኑ እቀደዋለሁ፤ አይዞሽ። እንዳልተጻፈ ቁጠሪው። ማንም አያየውም፣ እሱም አያየውም።»

ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች። የባሏ ፊት በራ፤ አምስት ዓመት ሙሉ ያላየችው ፊት ነበር፣ ዳግም አየዋለሁም ብላ አላሰበችም። እሺ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። «ነጥቤ ተሰርዟል፣ ስንት እንደነበር ምን ያደርግልሃል?» ብትለው ይተወዋል። ፊቱም እንደበራ ይቆያል፤ ቢያንስ እስከ መድረኩ ቀን።

«አትቅደደው» አለች።

«ምን?»

«ቅጹን አትቅደደው። ነገ መጥቼ እወስደዋለሁ።»

«ምን ያደርግልሻል?»

«የተጻፈለት ሰው ይውሰደው።»

ስልኩን ዘጋችና ወደ ባሏ ዞረች። «አምስት» አለችው።

«ከአስር?»

«ከአስር።»

ልጅቷ ወለሉን አየች። የጻፈችውን ነገረችው፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፤ ግራ እጅ የሌለው ሰው ፒያኖ ላይ ምን ያደርጋል ያለችውን ጭምር። አንዲት ቃል አልዘለለችም። የበራው ፊቱ ሲጠፋ አየች። ገደልኩት ብላ አሰበች።

«ሌላም አለ» አለች። «ሁለተኛውን ክፍል አልሰማሁትም ነበር። ውሃ ልጠጣ ወጥቼ ነበር። ዛሬ ነው የሰማሁት።» ይህን ማለት ከሁሉም ከበዳት። ለሠላሳ አንድ ዓመት የሰውን ልጅ ስንፍና ስትቀጣ ኖራ፣ የራሷን ለሁለት ሰው መናዘዟ ነበር።

«ውሃ ልትጠጪ» አለ ባሏ።

«አዎ።»

የኖታውን ገጾች ወደ መጀመሪያው መለሰ። ባሏ ሲናገር ድምፁ ተለውጦ ነበር፤ ደረቅ፣ ትዕግሥት የሌለው፣ ድሮ ልምምድ ላይ የሚናገርበት ድምፅ።

«የቱ ጋ ነው የምጎተተው?»

«ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ ከላይ ሦስተኛው መስመር። ደግሞ መጨረሻ አካባቢ ዜማው ተመልሶ ሲመጣ።»

«ዜማው ሲመለስ እንኳ እሷ ናት የምትቸኩለው።»

«አይደለችም። አንተ ነህ የምትጎተተው።»

«እኔ አልቸኮልኩም ጋሼ» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ።

«እሺ። ከሁለተኛው ገጽ» አለ ባሏና ጉሮሮውን ሁለት ጊዜ ጠረገ። ልጅቷ ቫዮሊኗን ትከሻዋ ላይ አደረገች።

ሚስትየው ተነሳች። አምስት ዓመት የለመደችው ነገር ነው፤ እሱ ከአዝራር ወይም ከጫማ ማሰሪያ ጋር ሲታገል እሷ ወጣ ትላለች፣ ወይም መስኮት ትከፍታለች፣ እንዳያፍር። የወጥ ቤቱ በር ድረስ ሄደች። እጀታውን ይዛ ትንሽ ቆመችና ተመለሰች። ወንበሯን እየጎተተች አምጥታ ከፒያኖው በስተግራ፣ እጁ በደንብ የሚታይበት ቦታ አስቀምጣ ተቀመጠች።

ጀመሩ። የመጀመሪያው መስመር ደህና አለፈ፣ ሁለተኛውም። ሦስተኛው ላይ ግራ እጁ ተጎተተ፤ ቫዮሊኑም እንደልማዱ ዝግ ብሎ ጠበቀው። ባሏ መጫወቱን ሳያቆም በጎን በኩል አያት።

«ዘገየህ» አለችው።